ስኩተር ላይ ተጨማሪ መብራት ሲገጠም ባትሪ የሚገድሉ ስህተቶች

ፓውዛ (ተጨማሪ የፊት መብራት) ባስገጠመ በሳምንቱ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) አላዞር ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያማው ባትሪውን ነው። ባትሪ ግን ኃይል ያስቀምጣል እንጂ አያመነጭም። የሚያመነጨው ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ዲናሞ ነው፤ እሱም ልክ አለው። ዲናሞው ከሚሰጠው በላይ ከተጠቀሙ ትርፉ ከባትሪው ይወጣል፣ ተመልሶም አይሞላም። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ባለ 12 ቮልት፣ ከ110 እስከ 150 ሲሲ የሆኑ ስኩተሮችን ይመለከታሉ።

ዋት ሳይደምሩ መብራት መግዛት

አምፖሎቹ ገና ባልተቀየሩበት ስኩተር ላይ የፊት መብራት 35 ዋት፣ የኋላው 5፣ የፍሬን መብራት 21፣ ሁለት ፍሬቻ 20፣ የዳሽቦርዱ ደግሞ 5 ዋት ገደማ ይወስዳሉ። ሲደመር 86 ዋት ነው፤ የካንዴላው እሳትና፣ ኢንጀክሽን ከሆነ፣ የነዳጅ ፓምፑ ገና አልተቆጠሩም። የዚህ መጠን ሞተር ዲናሞ ብዙውን ጊዜ በጥሩ ዙር የሚሰጠው ከ100 እስከ 150 ዋት አካባቢ ነው። በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው፣ ሲሠራ ከዚያ በእጅጉ ይወርዳል። ማታ መገናኛ ላይ ተሰልፎ፣ ፍሬን ተይዞና ፍሬቻ በርቶ የቆመ ስኩተር ብዙ የሚበላውና ትንሽ የሚያመነጨው በአንድ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ባለ 55 ዋት ሃሎጅን ቢጨመር 110 ዋት፣ ማለትም ወደ 9 አምፒር ነው። ባለ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ይህን ብቻውን ቢሸከም አንድ ሰዓት አይቆይም። ሁለት ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ ግን 1.7 አምፒር ብቻ ይወስዳል፤ ለከተማም ለአስፋልት መንገድም ይበቃል። በእኛ አስተያየት ለዚህ መጠን ስኩተር ሃሎጅን ፓውዛ ጨርሶ አይታሰብም።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት እንዳለ አይመኑ። መዳፍ የማትሞላ ኤልኢዲ ላይ «60 ዋት» ተብሎ ተጽፎ ሲለካ ከ10 ወይም 12 ዋት የማያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የሚወስደው ከተጻፈው የሚበልጥም አይጠፋም። የመልቲሜትሩን ቀይ ገመድ 10 አምፒር በሚለው ቀዳዳ ይሰኩ፤ መለኪያውን በባትሪው ፖዘቲቭና በመብራቱ ፖዘቲቭ መካከል ያስገቡ፤ ለጥቂት ሰከንድ አብርተው ያንብቡ። 0.9 አምፒር ካለ፣ በ12.6 ቮልት ሲባዛ 11 ዋት ገደማ ነው። በስሌትዎ ውስጥ የሚገባው ይህ ቁጥር ነው።

ከፊት መብራቱ ሽቦ ላይ መቀጠል

ይህን ስህተት የሠሩ ሰዎች መብራቱ ወዲያው ስለሚበራ ያለቀላቸው ይመስላቸዋል። በካርቡሬተር የሚሠሩ ብዙ ስኩተሮች ላይ፣ በተለይ ጂዋይ 6 (GY6) የሚባለው ዓይነት ሞተር ባላቸው፣ የፊት መብራት ከባትሪ አይመገብም። ከዲናሞው በኤሲ (አቅጣጫው በሚቀያየር ኤሌክትሪክ) ነው የሚመጣለት። ለማወቅ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ከፍተው የፊት መብራቱን ያብሩ። ካልበራ፣ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ከነዳጁ ጋር ደመቅ ፈዘዝ ካለ፣ ኤሲ ነው። እዚያ ላይ የተቀጠለ ኤልኢዲ ይንቀጠቀጣል፤ ዙሩ ከፍ ሲል በሚመጣው ቮልቴጅ ውስጡ ያለው ድራይቨር (ኃይሉን የሚመጥንለት ሰርኪት) ቶሎ ይቃጠላል።

በእንዲህ ያለው ስኩተር ላይ ዋናውን የፊት አምፖል በኤልኢዲ መቀየርም ለባትሪው የሚያተርፍለት የለም፤ አምፖሉ ቀድሞውኑ ከባትሪው አይወስድምና። ለባትሪው የሚተርፈው የፍሬንና የፍሬቻ አምፖሎች ሲቀየሩ ነው። ፍሬቻው ኤልኢዲ ሲሆን ግን ብልጭታው ከልክ በላይ ይፈጥናል ወይም ጨርሶ አይሠራም፤ ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ፍላሸርም ለኤልኢዲ በሚሆን መቀየር አለበት።

ያለ ሪሌና ያለ ፊውዝ ማገናኘት

መሪው ላይ ያለው ማብሪያ ውስጡ ቀጭን ነው። ሙሉውን የመብራት ኃይል በእሱ ካሳለፉ ይሞቃል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ቀጥታ ከባትሪው በማብሪያ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቁልፉን ነቅለው ሲሄዱ መብራቱ በርቶ የሚቀርበት ቀን ይመጣል። ባለ አራት እግር ሪሌ (በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን ኃይል የሚያሳልፍ ማብሪያ) ሁለቱንም ያስቀራል፦

30 ቁጥር፦ ከባትሪው ፖዘቲቭ በፊውዝ በኩል።
87፦ ወደ መብራቶቹ።
85፦ ወደ ኔጌቲቭ።
86፦ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ 12 ቮልት ከሚያገኝ ሽቦ፣ በማብሪያው በኩል።

ለ86 የሚሆነው ሽቦ ጂዋይ 6 ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ነው፤ አረንጓዴው ኔጌቲቭ፣ ቢጫው ደግሞ ያ የኤሲ መብራት ሽቦ ነው። ቀለሙ ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው ስለሚለያይ በመልቲሜትር ሳያረጋግጡ አይቁረጡ። ቢጫው ላይ ካገናኙት ሪሌው እንደ ንብ ይጮሃል፤ ኤሲ ስለሆነ ነው።

ፊውዙ ከባትሪው ተርሚናል ከ20 ሳንቲሜትር ሳይርቅ ይቀመጥ። መብራቱ አጠገብ ቢያስቀምጡት በመሃል ያለው ሽቦ ሻሲ ነክቶ እሳት ሲያስነሳ የሚቆርጠው ነገር የለም። ለ20 ዋት ባለ 3 አምፒር፣ ለ40 ዋት ባለ 5 አምፒር ይበቃል። ፊውዙ በተደጋጋሚ ከተቃጠለ በባለ 15 መተካት መፍትሔ አይደለም፤ የተላጠ ሽቦ ይፈልጉ።

የቤት ሽቦ፣ ጥምዝና ናስትሮ

የቤት ግድግዳ ውስጥ የሚገባው ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ በንዝረት ውስጡ ይሰበራል፤ ከውጭ ደህና ይመስላል። ባለ ብዙ ክር፣ 1 ወይም 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር የመኪና ሽቦ ይጠቀሙ። መጋጠሚያውን በስታኞ (ቀልጦ ሽቦ በሚያያይዝ ብረት) በይደው በሙቀት የሚጠብ ቱቦ ያልብሱት። ጠምዝዞ በናስትሮ (በሙጫ ፕላስተር) መጠቅለል በበጋ ደህና ይመስላል፤ ሙጫው በሞተሩ ሙቀት ይለቅና ክረምት ሲገባ ውኃ ያስገባል፣ ሽቦው አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፣ መብራቱ ይደክማል። ኔጌቲቩን ቀለም በተቀባ ቡሎን ላይ አይሰሩት፤ እስከ ባትሪው ይውሰዱት። መሪው ጋ ሽቦውን ላላ አድርገው ይተዉ፤ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙረው አለመወጠሩን ይዩ። ሥራው ሲጀመር መጀመሪያ የሚፈታው የባትሪው ኔጌቲቭ ነው፣ መጨረሻ የሚታሰረውም እሱ።

ትልቅ ባትሪ መግጠም

ዲናሞው ያው ስለሆነ ትልቁ ባትሪም ይወርዳል፤ የሚዘገየው ቀኑ ብቻ ነው።

ሳይለኩ መጨረስ

ስኩተሩ ሌሊቱን ካደረ በኋላ ጤነኛ ባትሪ ከ12.6 እስከ 12.8 ቮልት ያሳያል። ሞተሩ ተነስቶ በመካከለኛ ዙር፣ ተጨማሪው መብራት ጠፍቶ፣ ከ13.8 እስከ 14.5 መድረስ አለበት። እዚህ ካልደረሰ ችግሩ ከመብራቱ በፊት የነበረ ነው፤ ከ15 ካለፈ ቮልቴጁን የሚገድበው ሬጉሌተር ተበላሽቷል፣ አዲሶቹን ኤልኢዲዎችም ባትሪውንም ይጨርሳል። አሁን ሁሉንም ያብሩ፣ ፍሬንም ይያዙ። በመካከለኛ ዙር ከ13.2 በላይ ከቆየ ባትሪው እየሞላ ነው። በዚያው ዙር ከ12.8 በታች ከወረደ ግን ከባትሪው እየተበላ ነውና አንዱን መብራት ይቀንሱ። በሚኒሞ መጠነኛ መውረድ ያለ ነው፤ በመጨናነቅ ውስጥ ፓውዛውን ማጥፋት የሚመከረውም ለዚህ ነው። ሞተሪኖው ከሁሉም በላይ ስለሚስብ ፓውዛው ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ይብራ።

በመጨረሻ ቁልፉን ነቅለው፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትተው በተርሚናሉና በገመዱ መካከል መልቲሜትሩን በአምፒር ያስገቡ። ሲለኩ ቁልፉን አይክፈቱ፣ ሞተሪኖም አይጫኑ። ጥቂት ሚሊ አምፒር ቢያሳይ ችግር የለም። ከባትሪው በቀጥታ የታሰረ የስልክ ቻርጀር ወይም የቮልት ማሳያ ግን 20 ሚሊ አምፒር ቢወስድ በቀን ወደ ግማሽ አምፒር ሰዓት ነው፤ ባለ 7ቱን ባትሪ በሳምንት ውስጥ ግማሽ ያደርሰዋል። እነዚህንም ከሪሌው 87 ላይ ያገናኟቸው፤ ፓውዛው ሲጠፋም እንዲሠሩ ከፈለጉ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል ከሚያገኘው ሽቦ በራሳቸው ባለ 2 አምፒር ፊውዝ ይውሰዱላቸው።