የካቲት 12ን በእግር መከተል

እንደ የካቲት 12ቱ የጣሊያን ጭፍጨፋ ያለ የአንድን ቀን ታሪክ ስትከታተል መጀመሪያ የዘመን አቆጣጠሩን አጥራ። እኔ አንዴ ማስታወሻዬ ላይ «የካቲት 12፣ 1937» ብዬ ጽፌ፣ የተባረረውን ጣሊያን መልሼ አመጣሁት! ትክክለኛው 1929 ነው፤ 1937 የፈረንጆቹ ነው።

ከዚያ በጠዋት ስድስት ኪሎ ውጣ። የሰማዕታቱን ሐውልት ዙረህ ቅርጻ ቅርጹን ተመልከት። አትቸኩል። ቀጥሎ መታወቂያህን ይዘህ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ግባ። ያኔ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ነው። ለሦስት ቀን የዘለቀው ጭፍጨፋም ከዚህ ተነስቶ ወደየሰፈሩ ወረደ።

የሟቾችን ቁጥር ስትጽፍ የማን ቆጠራ እንደሆነ አብረህ ጥቀስ። የኢትዮጵያ መንግሥት 30 ሺህ ሲል፣ ጣሊያኖቹ የሚሉት በጣም ያነሰ ነው።