ደረቅ ወንዝ አጠገብ ቤት ለምትሠሩ

በበጋ የምታዩት ደረቅ አሸዋ ባዶ ሜዳ እንዳይመስላችሁ፤ ወንዝ ነው። የድሬዳዋው ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደርቆ ይከርማል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ጎርፉ የመጣው ከላይ ከሐረርጌ ደጋ ነው፤ ስለዚህ የራሳችሁን ሰማይ ብቻ አትመልከቱ።

መሠረት ከማስቆፈራችሁ በፊት የሰፈሩን አዛውንቶች «ውሃው እስከ የት ደርሶ ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። (ደላላውን አትጠይቁ፤ እርሱ ዘንድ ክረምት የለም።) ዛፍ ላይ ተሰቅሎ የቀረ ቆሻሻና ግድግዳ ላይ የደረቀ የጭቃ መስመርም ይናገራሉ። የቤቱ ወለል ከዚያ ምልክት ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል። ምልክቱ ከወገብ በላይ ከሆነ፣ እኔ ብሆን ቦታውን እተወዋለሁ።

የመሠረቱ ድንጋይ በሲሚንቶ ይያያዝ፤ በጭቃ የተያያዘውን ግን ውሃ ይልሰዋል። ብዙ ሰው የሚረሳው አጥሩን ነው፦ ድፍን ግንብ ጎርፉን ገድቦ ያቆይና በአንድ ጊዜ ይደረመሳል፤ ከታች የውሃ ማሳለፊያ ቀዳዳዎች ተዉለት። ሶኬቱንና ቆጣሪውንም ከፍ አድርጋችሁ አሰቅሉ።