የማቅለሚያ ፍሳሽን በማግኔታይት ናኖ ቅንጣት ማጣራት፦ ለቤተ ሙከራ የሚሆን መመሪያ

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በባሕር ዳር ከ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ሥራ ስላለ፣ በጎጃም ዩኒቨርሲቲዎች የማቅለሚያ ፍሳሽን ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚመርጥ ተማሪ አይጠፋም። ዘዴው ማግኔታይት የተባለውን በማግኔት የሚሳብ ጥቁር የብረት ኦክሳይድ እጅግ ደቃቅ ዱቄት (ናኖ ቅንጣት) አድርጎ መሥራትና ማቅለሚያውን በገጹ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ሚዛን፣ የፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት ልክ) መለኪያና ስፔክትሮፎቶሜትር (ፈሳሽ የሚውጠውን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ላለው ቤተ ሙከራ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጣራው ማቅለሚያ ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በየቤተ ሙከራው የሚዘወተረው ሜቲሊን ብሉ የተባለ ሰማያዊ ማቅለሚያ በውሃ ውስጥ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ሲኖረው፣ ጥጥ በብዛት የሚቀለምባቸው ሪአክቲቭ (ከጨርቁ ጋር በኬሚካል የሚተሳሰሩ) ማቅለሚያዎች ግን አሉታዊ ሙል ያላቸው ናቸው። የማግኔታይት ገጽ ደግሞ ፒኤች ከ7 አካባቢ ሲያንስ አዎንታዊ፣ ሲበልጥ አሉታዊ ይሆናል። ሪአክቲቭ ማቅለሚያ በሶዳና በጨው ታግዞ ስለሚሠራበት፣ ጨርቁ ሳይዘው የቀረው ማቅለሚያ ፒኤቹ 10 ሊደርስ በሚችል ውሃ ይወጣል፤ በዚህ ሁኔታ ቅንጣቱና ማቅለሚያው ስለሚገፋፉ ብዙ ዱቄት ቢጨመርም ቀለሙ እምብዛም አይቀንስም። በሜቲሊን ብሉ ያማረ ውጤት ያገኘ ሰው በእውነተኛ ፍሳሽ ግራ የሚጋባው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለሪአክቲቭ ማቅለሚያ ፒኤቹን ወደ 4 አካባቢ ማውረድ፣ ነገር ግን ብረቱ መሟሟት እንዳይጀምር ከ3 በታች አለማድረስ ይገባል፤ ለሜቲሊን ብሉ ከ8 እስከ 9 ይስማማል።

2 ግራም ያህል ማግኔታይት ለማግኘት 4.67 ግራም ፌሪክ ክሎራይድ ሄክሳሃይድሬትና 2.40 ግራም ፌረስ ሰልፌት ሄፕታሃይድሬት ይመዘናል፤ ይህም ሁለት እጅ ፌሪክ (ሦስት አዎንታዊ ሙል ያለው ብረት) ለአንድ እጅ ፌረስ (ሁለት አዎንታዊ ሙል ያለው ብረት) የሚለውን የሞል ምጥጥን ይጠብቃል። የፌረስ ሰልፌቱ ክሪስታል ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ መሆን አለበት፤ ላዩ ቢጫ ወይም ቡናማ ዱቄት ከለበሰ በአየር ተበላሽቷልና ምጥጥኑ ይዛባል። ሁለቱም ጨዎች ቀደም ብሎ ፈልቶ በተከደነ ዕቃ በቀዘቀዘ 100 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ይሟሟሉ፤ ማፍላቱ በውሃው ያለውን ኦክስጅን ያስወጣል። ናይትሮጅን ጋዝ ካለ በሥራው ሁሉ ማስገባቱ ይመረጣል። ብርጭቆው እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሞቆ በኃይል እየተማሰለ፣ ፒኤቹ 10 እስኪደርስ 25 በመቶ የአሞኒያ ፈሳሽ በጠብታ ይጨመርበታል። አሞኒያ ዓይንንና ሳንባን ስለሚጎዳ ይህ የሚሠራው ጭስ በሚስብ ሳጥን ውስጥ፣ በመነጽርና በጓንት ነው።

ብርቱካናማው ፈሳሽ ወዲያው ይጠቁራል። ወደ ቀይ ቡናማ ካደላ ግን ኦክስጅን ገብቶበታልና ከመጀመሪያው መጀመር ይሻላል። ለ30 ደቂቃ ከተማሰለ በኋላ ማግኔት ከብርጭቆው ሥር ይደረጋል፤ ዝቃጩ ወደ ማግኔቱ ሲሳብ ላዩ ይደፋና ፒኤቹ 7 እስኪሆን ደጋግሞ ይታጠባል፣ ከዚያም በ60 ዲግሪ ደርቆ ይፈጫል። በማግኔት መሳቡ ብቻ ቅንጣቱ ከ100 ናኖሜትር በታች መሆኑን ስለማያረጋግጥ፣ የክሪስታሉን ዓይነትና መጠን የሚያሳይ የኤክስሬይ ዲፍራክሽን መሣሪያ ወዳለበት ናሙና መላክ ግድ ይሆናል።

አንዳንዶች በየደጃችን የሞላውን ባሕር ዛፍ ቅጠል ቀቅለው ከብረት ጨው ጋር በማዋሃድ ቅንጣት ይሠራሉ። ዘዴው ርካሽ ቢሆንም፣ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ በራሱ ስለሚጠቁር ጥቁረቱን እንደ ማስረጃ መቁጠር አይገባም፤ ከቅጠሉ የወጣው ቅሪትም ውሃውን ራሱን ሊያቆሽሽ ይችላል። ለጀማሪ ማግኔታይትን የምመርጠው በዚህ የተነሳ ነው።

ለሙከራው በሊትር 20 ሚሊ ግራም ማቅለሚያ ያለበት 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ 0.1 ግራም ዱቄት ይጨመራል፤ ዱቄት ያልገባበት ተመሳሳይ ብርጭቆም ጎን ለጎን ይቀመጣል፣ ሜቲሊን ብሉ በመስታወት ላይም ይለጠፋልና። በ5፣ በ15፣ በ30፣ በ60 እና በ120 ደቂቃ ናሙና ተወስዶ፣ ዱቄቱ በማግኔት ወይም በሴንትሪፉጅ ከተለየ በኋላ ሜቲሊን ብሉ በስፔክትሮፎቶሜትር በ664 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት ይለካል። ፈሳሹ ውስጥ የቀረ ደቃቅ ዱቄት ብርሃን ስለሚበትን ንባቡን ከፍ ያደርገዋል። የቀረው ማቅለሚያ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ቢሆን፣ ማጣሪያው 90 በመቶ፣ የተያዘው መጠንም በአንድ ግራም ዱቄት 18 ሚሊ ግራም ነው። እውነተኛ ፍሳሽ ሲሞከር ጨውና ሌሎች ኬሚካሎች ስለሚሻሙ ቁጥሩ ዝቅ ማለቱ አይቀርም።

ማቅለሚያው ከውሃ ወደ ዱቄት ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ሪአክቲቭ ማቅለሚያ የያዘ ዱቄት በ0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲታጠብ በከፊል ይለቅና እንደገና ሊሠራበት ይችላል፤ ያ እጥበት ከመጀመሪያው ፍሳሽ የበለጠ የተከማቸ ማቅለሚያ ስላለበት ወደ ቧንቧ ሳይደፋ፣ ስሙና ቀኑ በተጻፈበት ዝግ ዕቃ ከቤተ ሙከራው አደገኛ ቆሻሻ ጋር ይቀመጣል።