ሁለተኛው ባላ ቆሟል? የሴፍቲ ሲስተም የመገናኛ ካርድ ስንቀይር የምንሠራቸው ስህተቶች

ጎጃም ያደገ ሰው «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል ባንዱ ተንጠልጠል» ሲባል ሳይሰማ አያድግም። የፋብሪካ ሴፍቲ ሲስተም የሚሠሩ መሐንዲሶችም ያሰቡት ይህንኑ ነው። የቦይለሩ ግፊት ከልክ ሲያልፍ ነዳጁን የሚዘጋው ኮንትሮለር፣ ከኦፕሬተሩ ስክሪን ጋር የሚነጋገረው በሁለት የመገናኛ ካርዶች ነው። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይቀጥላል። ሲስተሙ የሚፈቅድ ከሆነም ፋብሪካው ሳይቆም የተበላሸውን ነቅሎ መቀየር ይቻላል።

ዛሬ ደጀን ላይ ሲሚንቶ፣ ቡሬ ላይ ዘይት ይመረታል። ከደብረ ማርቆስና ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ልጆች እንዲህ ያሉ ካቢኔቶች ፊት መቆም ጀምረዋል። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

ሁለተኛው ካርድ ደህና ነው ብሎ መገመት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። እኔም ሠርቼዋለሁ።

የሌሊት ፈረቃ ነበር። ከሁለቱ ካርዶች የአንዱ መብራት ቀይ ሆነ። መለዋወጫው ስቶር ውስጥ ስለነበር ደስ አለኝ። ቀዩን ነቀልኩት። ወዲያው በኮንትሮል ሩሙ ስክሪን ላይ ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ግራጫ ሆኑ። ለካ የሌላኛው ካርድ ኬብል ከሳምንታት በፊት ላልቶ ግንኙነቱ ተቋርጧል። አላርሙም ያኔ ጮኾ ነበር። አንድ ሰው «አይቻለሁ» የሚለውን ተጭኖ አልፎታል። ካርዱ ራሱ ጤነኛ ስለሆነ አረንጓዴ መብራቱ በርቷል፤ የሚያስተላልፈው ነገር ግን አልነበረም።

«ጋሼ፣ ግፊቱ ስንት ነው?» አለችኝ ኦፕሬተሯ። መልስ አልነበረኝም። ባትሪ ይዛ ወደ ቦይለሩ ሮጠች፤ እዚያው ከተገጠመው ጌጅ ላይ እያነበበች በስልክ ነገረችን። ኮንትሮለሩ ቦይለሩን መጠበቁን አላቆመም። እኛ ግን ዕውር ሆነን ነበር። በመጨረሻ ፋብሪካውን በሥርዓት አቆምነው።

ስለዚህ የታመመውን ከመንካታችሁ በፊት ጤነኛውን መርምሩ። የካርዱን መብራት ብቻ አትመኑ። የሊንኩን መብራት፣ የዲያግኖስቲክ ገጹን፣ የስህተት ቆጣሪውን፣ ያለፉትን ሳምንታት አላርሞች ተመልከቱ። ሲስተሙ ከፈቀደ ሥራውን በትእዛዝ ወደ ጤነኛው አዙሩና ጥቂት ጠብቁ። ኦፕሬተሩ «ቁጥሮቹ እየተንቀሳቀሱ ነው» እስኪል እጃችሁ ካርዱ ላይ አይረፍ።

ሁለቱን ባላ አንድ ጉድጓድ ውስጥ መትከል

ሁለት ካርድ አለ ማለት ሁለት መንገድ አለ ማለት አይደለም። ሁለቱም ኬብሎች አንድ የኔትወርክ ስዊች ውስጥ ከገቡ፣ ስዊቹ ሲጠፋ ሁለቱም ይጠፋሉ። ፓወር ሰፕላያቸው አንድ ከሆነም እንዲሁ። ስዕሉ ሁለት መስመር ቢያሳይም ኬብሉን ከካርዱ እስከ መጨረሻው በእጃችሁ ተከተሉት።

የእኛ አገር ክረምት ደግሞ መብረቁ ብዙ ነው። ሁለቱም ካርዶች ባንድ ቀን ከሞቱ፣ ወይም አዲሱ ካርድ በወሩ ከተቃጠለ፣ በሽታው ካርዱ ላይ አይደለም። ኧርዝ ይለካ፤ የሰርጅ (ድንገተኛ የቮልቴጅ ዝላይ) መከላከያው ይታይ። ከሕንፃ ሕንፃ የሚሄደው መስመር የመዳብ ከሆነ በፋይበር መቀየሩን አስቡበት፤ መስታወት የመብረቅን ሞገድ አያስተላልፍም። ይህን ሳያዩ ካርድ እየቀያየሩ መኖር የውጭ ምንዛሪ ማቃጠል ነው።

የተሳሳተውን መንቀል

ቀላል ይመስላል፤ ግን ይከሰታል። ካቢኔቱን ከፊት ስታዩት ግራ የሆነው፣ ከኋላ ቀኝ ነው። ጤነኛው ካርድ ላይ ቀይ ቴፕ ለጥፉ። አንዱ የስሎቱን ቁጥር ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው በጣቱ ነክቶ ይድገም። ለብቻ አትሥሩ።

«መልኩ አንድ ነው» ብሎ ከስቶር ማውጣት

ሁለት ካርዶች መልካቸው አንድ ሆኖ የሃርድዌር ሪቪዥናቸው ወይም ፈርምዌራቸው (ውስጣቸው የተጫነው ሶፍትዌር) ሊለያይ ይችላል። ያን ጊዜ አዲሱ ካርድ ከጓደኛው ጋር አይግባባም። ይባስ ብሎ የሚግባባ መስሎ ሊቆይም ይችላል። ቁጥሩን ፊደል በፊደል አመሳክሩ። የአድራሻ ስዊች ካለው፣ አሮጌውን ሳትነቅሉ ፎቶ አንሱት። አንዳንድ ሲስተም ኮንፊግሬሽኑን ለአዲሱ ካርድ ራሱ ይጭንለታል፤ አንዳንዱ ግን በእጅ ካልጫናችሁለት ባዶውን ይቀመጣል። የእናንተው የትኛው እንደሆነ ማንዋሉ ይናገራል። ፈርምዌሩ የተለየ ከሆነ ደግሞ ይህ ጥገና መሆኑ ቀርቶ ለውጥ ሆኗል። የሴፍቲ ሲስተም ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ በሆነው በአይኢሲ 61511 መሠረት ለውጥ ደግሞ በሴፍቲው ላይ የሚያመጣው ነገር ተመርምሮና ተፈቅዶ የሚደረግ ነው።

የእኛን ደጋ የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሠራው እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። ደብረ ማርቆስ 2400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ሙቀት የማውጣት አቅሙ ይቀንሳል። ሌላ ዓይነት ካርድ ስታዙ የከፍታውን ገደብ ጠይቁ። የካቢኔቱ ፋን አቧራ ይዞት ከሆነም አብራችሁ አጽዱት።

በባዶ እጅ መንካት

በበጋው ደረቅ አየር ጃኬት ስናወልቅ ጠቅ ጠቅ የሚለው ነገር ካርድ ይገድላል። ሰው ስታቲክ የሚሰማው ወደ 3000 ቮልት ሲደርስ ነው። ከ100 ቮልት በታች የሚጎዳ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ግን አለ። የእጅ ማሰሪያውን እሰሩ፤ ከኧርዝ ጋርም አገናኙት። ከአዲስ አበባ በሌሊት መኪና የዓባይ በረሃን አቋርጦ፣ በደጋው ብርድ የመጣ ካርድም ወዲያው አይከፈት። ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ሲገባ ላብ ያወጣል። ከማሸጊያው ሳይወጣ ጥቂት ሰዓት ይቆይ። ስታስገቡትም በጉልበት አትግፉ። ራኩ ላይ አንድ ፒን ከታጠፈ ሥራው የካርድ መቀየር መሆኑ ይቀራል፤ ፋብሪካ የሚያስቆም ይሆናል።

ግንኙነቱ ቢቋረጥ ምን እንደሚሆን ሳያውቁ መጀመር

በምትቀይሩት ካርድ መስመር የሚያልፈው ለስክሪን የሚሆን መረጃ ብቻ ነው? ወይስ ከአንድ ኮንትሮለር ወደ ሌላው የሚሄድ የሴፍቲ ሲግናልም አለበት? የሴፍቲ ሲግናል ካለ፣ ተቀባዩ ለተወሰነ ጊዜ ሳይሰማ ሲቀር ፋብሪካውን ትሪፕ ሊያደርግ፣ ማለትም በራሱ ሊያቆም ይችላል። ትሪፕ ቢያስቆጣም ቢያንስ ይታያል። እኔን የሚያስፈራኝ ተቀባዩ የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ ሲቆም ነው። ስክሪኑ 8 ባር ይላል፤ ቦይለሩ ግን 8 ባር ላይ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጌጁ ሥር ስልክ የያዘ ሰው ይቁም። ቁጥሩ ከስክሪኑ ጋር አልገጥም ካለ ማን «አቁሙ» እንደሚልም አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ባይፓስና ቁልፍ ረስቶ መሄድ

ለሥራው ተብሎ የተደረገ ባይፓስ (ለጊዜው ከሥራ ውጭ የተደረገ መከላከያ) ሁሉ በሥራ ፈቃዱ ላይ በስሙ ይጻፍ፤ ሲነሳም ይፈረምበት። የኮንትሮለሩን ቁልፍ ፕሮግራሙን መቀየር ወደሚፈቅደው «ፕሮግራም» ያዞረ ሰው ወደ «ራን» (መደበኛ ሥራ) መልሶ ይንቀለው። በ2017 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ በአንድ ፔትሮኬሚካል ፋብሪካ የትራይኮኔክስ ሴፍቲ ኮንትሮለሮች ላይ «ትራይተን» የተባለው የሳይበር ጥቃት የደረሰው፣ ቁልፉ ፕሮግራም ላይ እንዳለ በመተዉ ጭምር ነው። የምትሰኩት ላፕቶፕም ለዚሁ ሥራ ብቻ የተለየ ይሁን። ፊልም የሚታይበት፣ ፍላሽ የሚዞርበት ላፕቶፕ ወደዚያ ካቢኔት አይቅረብ።

አረንጓዴ ሲበራ ዕቃ መሰብሰብ

አዲሱ ካርድ አረንጓዴ አበራ። ገና አልጨረሳችሁም። ሁለቱም እስኪመሳሰሉ ጠብቁ፤ ሰዓታቸው መግጠሙን እዩ፤ የስህተት ቆጣሪውን ዜሮ አድርጋችሁ እንደገና መጨመር አለመጨመሩን ተከታተሉ። ከዚያ ፈረቃ መሪው ሲፈቅድ ሥራውን ወደ አዲሱ ካርድ አዙሩት፤ መልሳችሁም ወደ ነባሩ ጤነኛ ካርድ። የወጣው ካርድ ላይ ቀይ ታግ እሰሩና ምን እንደሆነና መቼ እንደወጣ ጻፉበት። ታግ የሌለው የተበላሸ ካርድ ተመልሶ ስቶር መደርደሪያ ላይ ከወጣ፣ ከወራት በኋላ ሌላ ልጅ በሌሊት ፈረቃ አዲስ ነው ብሎ ይሰካዋል።