የአሮጌ ሞተር መሪ ሲቀየር፦ ምልክቱ፣ መነሻውና መፍትሄው

ቁልፍ መያዝ፣ ገመድ መቀባትና የጎማ ንፋስ ማየት ለምታውቁ ነው የምጽፈው፤ ወደዚያ አልመለስም። ደሴ ውስጥ በእጄ የሚያልፉት አሮጌ ሞተሮች አብዛኞቹ የገጠር ሥራ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፤ ያማሃ ዲቲ፣ ኤጂ 100፣ ሆንዳ ኤክስኤል፣ ከነሱ ቀጥሎ የመጡ ቦክሰሮች። ከፋብሪካ የወጡበትን መሪ ይዘው የሚመጡ ጥቂት ናቸው። ባለቤቱ አንዴ ወድቋል፣ መሪው ተጣሟል፣ ገበያ ላይ በዓይኑ ያማረውን ገዝቶ አስሯል። ከዚያ በኋላ ያለውን ጣጣ ነው እኔ የማየው።

ጉድጓድ ሲገባ መሪው ወደ ፊት ይዞራል

ከሁሉም በላይ ደጋግሜ ያየሁት ይህን ነው። ሲጀምር ትንሽ ነው። ጠዋት ስትነሳ የፍሪሲዮንና የፍሬን ሌቨሮቹ ከትናንትናው ዝቅ ብለው ታያቸዋለህ። መሪውን ወደ ቦታው መልሰህ ቡሎኑን ታጠብቃለህ። ከሦስት ቀን በኋላ ያው ነው። አሁንም ታጠብቃለህ። አንድ ቀን ሐረጎ ላይ ትወርዳለህ። ከደሴ ኮምቦልቻ ድረስ ወደ 25 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ያንተም ከኋላህ የተቀመጠውም ሰው ክብደት ወደ እጅህ ይመጣል፣ እጅህ መሪውን ይገፋል። መሪው ሲዞር ሌቨሮቹ መሬት መሬት ያያሉ። ፍሬን ፈልገው ጣቶችህ ሲዘረጉ የሚያገኙት አየር ነው።

አንድ ከኩታበር የመጡ አባት ነበሩ። ኋላ ላይ ልጃቸው፣ ከልጁ ኋላ ግማሽ ኩንታል ጤፍ። ቦይ ሲሻገሩ መሪው ዞረባቸው፤ በኋላ ፍሬንና በእግራቸው ነው የቆሙት። መሪውን ከሞተሩ ጋር አስሮ የሚይዘውን መቆንጠጫ ስፈታ ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ የተቆረጠ ቆርቆሮ አራት እጥፍ ሆኖ ወጣ። መሪውን በካሊፐር ስለካው 21.3 ሚሊ ሜትር። ሌላ ማጣራት አላስፈለገኝም፤ የግማሽ ኢንች የውሃ ቧንቧ ውጫዊ ስፋት ነው። ታጥፎ፣ ቀለም ተቀብቶ መሪ ተብሏል። «ልጄ፣ ከዋናው ይጠነክራል ብሎኝ ነው» አሉኝ። «አብሽሩ አባቴ፣ ብረቱስ ጠንካራ ነው፤ ግን መቆንጠጫው ሊይዘው አይችልም» አልኳቸው።

ምክንያቱን ልብ በሉ። የእነዚህ ሞተሮች መቆንጠጫ የተቦረቦረው ለ22.2 ሚሊ ሜትር መሪ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ልዩነት ምን ያመጣል ትሉ ይሆናል። ቀጭኑ ቱቦ ከመቆንጠጫው ጋር ዙሪያውን አይገናኝም፤ ከላይና ከታች በቀጭን መስመር ብቻ ነው የሚነካው። ቡሎኑን ስታጠብቀው ደግሞ የመቆንጠጫው የላይኛው ግማሽ (ክዳኑ) መሪውን በደንብ ሳይጨብጥ ወርዶ ከታችኛው ግማሽ (ከመቀመጫው) ጋር ይገጥማል። ከዚያ በኋላ የምትጨምረው ጉልበት ሁሉ ክዳኑን ከመቀመጫው ጋር ያጣብቃል እንጂ መሪውን አይነካውም። ጉልበት ስትጨምር የአሉሚኒየሙ ጥርስ ይበላል። ያኔ ችግሩ የመሪ ብቻ መሆኑ ይቀርና መቆንጠጫም ትገዛለህ።

ስለዚህ መሪው ከታሰረ በኋላ በክዳኑና በመቀመጫው መካከል ክፍተት እዩ። ብዙዎቹ የጃፓን ሞተሮች የፊት ቡሎን ቀድሞ ጠብቆ ፊቱ እንዲገጥም፣ ክፍተቱ ከኋላ እንዲቀር ነው የተሠሩት፤ ክዳኑ ላይ ነጥብ ወይም ቀስት ካለ ወደ ፊት ይዙር። ከፊትም ከኋላም ከገጠመ መሪው ቀጥኗል፣ አለዚያም ክዳኑን አንድ ሰው በሞረድ በልቶታል። ክዳን መሞረድ ክፉ ልማድ ነው። ዛሬ ቀጭኑን ቱቦ ይዞልህ ይሆናል፤ ነገ ትክክለኛ መሪ ስትገዛ ያንኑ መሪ ይጨፈልቀዋል። በሞረድ የተነካ ክዳን ጥዬ አዲስ አስገዛለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ከደንበኛ ጋር አልከራከርም።

ካሊፐር የሌለው ሰው ወረቀት ይጠቀም። ቀጭን ወረቀት ቆርጠህ መሪው ላይ፣ መቆንጠጫው በሚያርፍበት ቦታ፣ አንድ ዙር ጠምጥም። የሚገናኝበት ላይ ምልክት አድርግና በማስመሪያ ለካ። ትክክለኛው 70 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። የውሃ ቧንቧው 67 ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር በማንኛውም የተማሪ ማስመሪያ ይታያል። ሻጩ ፊት አድርጉት፤ ቅር የሚለው ሻጭ ካለ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።

ልኩ ትክክል ሆኖም የሚዞር አለ። ዋናዎቹ የብረት መሪዎች መሃላቸው ላይ መቆንጠጫው የሚይዝበት ቦታ ሻካራ ነው። ርካሾቹ ላይ ግን ሻካራው የለም፣ ክሮም ብቻ ያብለጨልጫል፤ ወይም ሻካራው ጠባብ ሆኖ ከመቆንጠጫው ውጪ ይወድቃል። ከመግዛትህ በፊት ከአንዱ መቆንጠጫ የውጭ ጠርዝ እስከ ሌላው ለካ፤ ሻካራው ቢያንስ ያን ያህል ይዘልቅ። ከሻካራው ጎን ያለው ቀጥ ያለ ክፍልም እንዲሁ፤ መሪው መታጠፍ የጀመረበት ላይ የተቆነጠጠ ቱቦ አይቆይም። ዘይትና ቀለምም ያንሸራትታል፤ ሁለቱንም በቤንዚን ጥረጉ።

አንድ ነገር ሳያረጋግጡ መሪ የሚቀይሩ አሉ። የመቆንጠጫው መቀመጫ ከታች በጎማ የተደገፈባቸው ሞተሮች ላይ ጎማው ሲያልቅ መሪው ከነመቆንጠጫው ይወዛወዛል። ለመለየት ከመሪው ወደ መቆንጠጫው የሚሻገር አንድ መስመር በጥፍር ቀለም አስምር። ነድተህ ስትመለስ መስመሩ ከተቆረጠ መሪው እየዞረ ነው። መስመሩ ሳይቆረጥ ሌቨሮቹ ከወረዱ ወይ ጎማው ነው፣ ወይ የሌቨሩ የራሱ ቡሎን ላልቷል። በዚህ አንድ መስመር ስንት ሰው መሪ ከመግዛት ድኗል።

ሲታሰር፣ የ8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ያላቸው በአብዛኛው ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ይበቃቸዋል፤ የሞተሩ መጽሐፍ ካለህ እሱ የሚለውን አድርግ። በቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክተህ አታርዝም። ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና እየው።

መሪው ሲታጠፍ ሞተሩ ይጮኻል

ይህ እንደ መጀመሪያው አይበዛም፤ ግን ሰው ይገድላል። ከፍ ያለ መሪ ለወገብ ይመቻል ተብሎ ይገዛል፣ የነዳጅ ገመዱ ግን የድሮው ነው። መሪው ሲዞር ገመዱ ይወጠራል፣ ሳትሰጠው ነዳጅ ይገባል። ሐረጎ ላይ እንደ እባብ በሚጠማዘዘው መንገድ ፍጥነት ልትቀንስ ስትታጠፍ ሞተሩ ይገፋሃል።

ምርመራው ቀላል ነው። ማርሽ ሳታስገባ አስነሳ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ አዙር። ድምፁ በትንሹ እንኳ መለወጥ የለበትም። ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍተህ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሳ፤ ፍሬኑ በገመድ የሚሠራ ከሆነ ጎማውን እያሽከረከርክ መሪውን አዙር። ከያዘ የፍሬኑ ገመድም አጥሯል። መሪው ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው ሲዞር የፍሪሲዮን ሌቨር ሥሩ ላይ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ልል መሆን አለበት፤ ካጣው ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ይቃጠላል፣ ባለቤቱም «ሞተሩ አቅም አጣ» ብሎ ካርቡራተር ያስፈታል።

መፍትሄው መጀመሪያ የገመዱን መንገድ ማስተካከል ነው፤ በጣም ብዙ ጊዜ መብራቱን ወይም ሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንኩን) ዞሮ ያለ ምክንያት ተጠማዟል። ካልበቃ ረጅም ገመድ ይገዛ፣ ወይም መሪው ይመለስ። ገመድ ቆርጦ መቀጠል የለም። ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ልልነት መፍጠርም የለም፤ ነዳጁ ሙሉ መከፈት ያቅተዋል። የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹንም አትርሳ። ተወጥረው የቆዩ ሽቦዎች ውስጥ ውስጡን ይበጠሱና ማታ ስትታጠፍ ፓውዛው ይጠፋል።

ነዳጅ መስጫው ለቀህ አይመለስም

መሪው ጫፉ ላይ በመጋዝ ተቆርጦ ጠርዙ አልተሞረደም፣ ወይም ቀለም ተደራርቦበት ወፍሯል፣ ወይም እጀታው የመሪውን ጫፍ እየታከከ ነው። ቀለሙን አንሳ፣ ጠርዙን ሞርድ፣ እጀታውን ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ሳብ። ለቀህ በራሱ «ቷ» ብሎ ካልተመለሰ ሞተሩ ከጋራዥ አይወጣም።

መሪው ቀጥ ብሎ ሞተሩ ጠማማ ይሄዳል

መሪ አትግዛ። ከመውደቅ በኋላ የፊት አሞርዛተሮቹ በመያዣቸው ውስጥ ተጠምዝዘዋል። የጎማውን ዘንግና የታችኛውን መያዣ ቡሎኖች አላልተህ፣ ጎማውን በጉልበትህ መካከል ይዘህ መሪውን መልስ፤ ከዚያ ያላላሃቸውን አጥብቅ። ካልተመለሰ የተጣመመው ዘንግ ወይም አሞርዛተሩ ነው።

ስዊቹ አይቀመጥም

ስዊቹ ውስጥ ትንሽ ጥርስ አለች፤ የዋናው መሪ ቀዳዳ ውስጥ ትገባ ነበር። አዲሱ ላይ ቀዳዳ የለም። ጥርሷን የሚቆርጡ ብዙዎች ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ስዊቹ በአውራ ጣት ሲገፋ ይዞራል። ሌቨሮቹ ሁሉ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ምልክት አድርግ፣ በጥርሷ ልክ በትራፓኖ አንድ ጊዜ ቅደድ። ሁለተኛ ቀዳዳ፣ ሦስተኛ ቀዳዳ እያልክ ቱቦውን ወንፊት አታድርገው።

የተሰበረ ወይም የተጣመመ መሪ ይበየዳል ወይ?

አይበየድም። ይህን በሰላም መናገር ያቅተኛል። ብየዳው ራሱ ጠንካራ ቢሆን እንኳ ከጎኑ በሙቀት የተለወጠው ብረት በየቀኑ ንዝረት እየተሰነጠቀ ይሄዳል፤ ስንጥቁም ከቀለሙ ሥር ነው። ከሐይቅ ከተማ የመጣ አንድ ወጣት መሪው በግራ እጁ ላይ ቀረ፤ ሲሰበር ቀስ ብሎ ይሄድ ስለነበር ነው የተረፈው። ስብራቱን አየሁት፤ ከብየዳው ጣት ያህል ወጣ ብሎ፣ ግማሹ ዝጓል፣ ግማሹ አዲስ። ማለት ግማሹ ከተሰነጠቀ ቆይቷል። በእሳት አሙቆ ማቅናትም ከብየዳ አይለይም። አሉሚኒየም ከሆነ በቀዝቃዛም አይቃናም፤ ከተጣመመ ይጣላል። የወንበር እግር ቱቦ አጥፈው የሚሸጡም አሉ። ስፋቱ ከዋናው ጋር ይገጥማል፣ እሱ ነው የሚያታልለው፤ ውፍረቱ ግን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የጤናማ ብረት መሪ ግድግዳ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ጫፉ ክፍት ከሆነ አጎንብሰህ እየው፤ ጫፉ ተደፍኖ ከሆነ በእጅህ መዝነው።

እጅ ይደነዝዛል

ቀጭን ቱቦ፣ ያለቀ የመቆንጠጫ ጎማ፣ ወይም ከመሪው ጫፍ የጠፋ ክብደት። በዚህ ቅደም ተከተል ተመልከት።

መሪው ሰልባትዮውን ይመታል

ዝቅ ያለ መሪ ገዝተሃል፣ ወይም ከታች ያለው የመሪ ማቆሚያ ተጣሟል።

የፊት ፍሬኑ ዘይት ከሆነ

የዘይት ማጠራቀሚያው በአዲሱ መሪ ላይ ለጥ ብሎ ይቀመጥ። ካዘነበለ አየር ይስባል።

ሱቅ ስትሄድ የድሮውን መሪ፣ ቢጣመምም፣ ይዘህ ሂድ። በሁለት እጅህ ይዘህ ከአዲሱ ጋር መሃል ለመሃል አጋጥማቸው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ስፋት፣ ከመሃሉ እስከ እጀታው ያለውን ከፍታ፣ ወደ ኋላ የሚመጣበትን ርዝመት፣ እጀታ፣ ስዊችና ሌቨር የሚያርፉበትን ቀጥ ያለ ክፍል እያንዳንዱን ለካ። መሃሉ 28.6 ሚሊ ሜትር ሆኖ ወደ ጫፉ የሚቀጥን ወፍራም መሪ ቢያምርህም ከመቆንጠጫው ጋር ካልተገዛ ተወው። በከፍታ ከድሮው ከ2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚበልጠውን ከመረጥክ ደግሞ የነዳጁን፣ የፍሪሲዮኑንና የፍሬኑን ገመድ ዋጋ ከመሪው ዋጋ ጋር ደምረህ ተደራደር።