የሳንባ ደም ግፊት ሕክምና ላይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ሰሞኑን እንደገና ገጠመኝ። የሳንባ ደም ግፊት ያለበት ሕመምተኛ፣ የልብ ምቱ 110። ተረኛው ሐኪም ሜቶፕሮሎል (የልብ ምት የሚያዘገይ፣ ቤታ ብሎከር የሚባል መድኃኒት) አዞለታል። «ለምን?» ብለው «ልቡ ፈጠነብኝ» አለ።

ልቡ የፈጠነው ቸግሮት ነዋ! የሳንባ ደም ቧንቧዎች ሲጠቡ ቀኙ የልብ ክፍል በአንድ ምት የሚገፋው ደም ያንሳል፤ ልጨምር ቢልም አይችልም። የቀረው መውጫ ፍጥነት ብቻ ነው። ስለዚህ ልብን የሚያፈጥነው ሲምፓቴቲክ ነርቭ ይበረታል፣ የሚያዘገየው ቬገስ ነርቭ ይደክማል። እስቲ አስሉት፦ በአንድ ምት 40 ሚሊ ሊትር ከሆነ፣ 110 ጊዜ ሲመታ በደቂቃ 4.4 ሊትር ይወጣል። ምቱን 70 ላይ ብታወርዱት 2.8 ሊትር። ልቡ ፋታ አግኝቶ ትንሽ ቢሞላ እንኳ ጉድለቱን አይሸፍንም። ሞኒተሩ ላይ ቁጥሩ ያምራል፣ ኩላሊቱ ግን ደም ያጣል።

ከሳሽ መስዬ እንዳልቀርብ፦ ጀማሪ ሳለሁ ጉበቷ ለታመመ ሴት የጉሮሮ ደም ሥሮቿ እንዳይደሙ ፕሮፕራኖሎል (እሱም ቤታ ብሎከር ነው) ጀመርኩላት። የሳንባ ግፊቷን ልብ አላልኩትም። ስትመለስ እግሯ አብጦ ነበር፤ ከአልጋዋ መጸዳጃ ቤት ለመድረስ ሁለቴ ታርፋለች። መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ሳቆምላት መራመድ ጀመረች።

«ሲምፓቴቲክ ነርቭ ሲቆይ ልብን ይጎዳል አይደል?» የሚሉኝ አሉ። ልክ ነው፤ የነርቩን መልእክት የሚቀበሉት፣ በቀኙ ልብ ላይ ያሉት ቤታ ተቀባዮችም ይቀንሳሉ። ሆኖም ሌላው ቤታ ብሎከር፣ ቢሶፕሮሎል፣ በጥቂት ሕመምተኞች ላይ ሲሞከር ምቱ ቀነሰ፣ የሚወጣው ደምም አብሮት ቀነሰ። ሕመምተኛው ለሌላ ሕመም ሲወስድ የቆየውን ቤታ ብሎከር ግን በአንድ ጀምበር አታቋርጡ። ፍጥነቱ ኤትሪያል ፍላተር (ከላይኛው የልብ ክፍል የሚነሳ የምት መዛባት) ከሆነም ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ምቱን ወደ ትክክለኛው ስልት መመለስ ይቀድማል። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ሳታነሱ አትፍረዱ።

የካልሲየም ቻናልን የሚዘጉት የደም ቧንቧ ከፋቾች፣ አምሎዲፒን ወይም ዲልቲያዜም፣ የሚሰጡት ወደ ልብ ቀጭን ቱቦ በማስገባት በሚደረግ የካቴተር ምርመራ ላይ ቧንቧ ከፋች ሲሞከርበት አማካይ የሳንባ ግፊቱ በ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወይም ከዚያ በላይ ወርዶ 40 ወይም ከዚያ በታች ለሆነ፣ ከልብ የሚወጣው ደም ላልቀነሰበት ሰው ብቻ ነው። የእነሱን ወገን ቬራፓሚልን እርሱት።

ሲልዴናፊል (የሳንባ ቧንቧ ከፋች) ለሚወስድ ናይትሮግሊሰሪን (የልብ ሕመም የደረት ውጋት ማስታገሻ) የለም። ሌላው የሳንባ ቧንቧ ከፋች ሪኦሲጓትም የለም።

ግፊቱ ከግራው ልብ የመጣ ከሆነ እነዚህ ቧንቧ ከፋች መድኃኒቶች ሳንባውን በውኃ ሊሞሉት ይችላሉ። መንስኤውን ሳታውቁ አትዘዙ።

በፓምፕ ያለማቋረጥ ወደ ደም ሥር የሚገባው ቧንቧ ከፋች ኤፖፕሮስተኖል በደም ውስጥ ግማሹ የሚጠፋው በደቂቃዎች ነው። ፓምፑ ሲጮህ ነርሷ «ቆይ ሻይ ልጨርስ» ካለች ሕመምተኛው ሊወድቅ ይችላል። መጠባበቂያ ፓምፕና የተዘጋጀ መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ይኑር፣ ከመደርደሪያው ጀርባ አይደለም፤ አልጋው አጠገብ።