ተገጣጣሚ ጊታር አልቃኝ፣ አልሰማ ሲል

ክሩ ዝዝ ሲል ፍሬቱን (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለውን ቀጭን ብረት) መሞረድ፣ አምፕሊፋየሩ ሲያጉረመርም አዲስ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ክፍል) ማዘዝ የጀማሪ የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አያስፈልጉም። ተበታትኖ በካርቶን የመጣ ኤሌክትሪክ ጊታር የሚያስቸግረው ባብዛኛው ያለ ቅደም ተከተሉ ስለሚነካ ነው። መጀመሪያ አንገቱ ይስተካከል፣ ቀጥሎ የክሩ ከፍታ፣ በመጨረሻ የክሩ ርዝመት። ኤሌክትሪኩ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እዚህ የማወራው ፌንደር በ1954 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ስትራቶካስተር ስለሚመስለው፣ አንገቱ በአራት ብሎን ስለሚታሰረው ዓይነት ነው።

ቀጭኑ ክር ከአንገቱ ጠርዝ ይንሸራተታል

አንገቱ ወደ ጎን አጋድሎ ታስሯል። ክሮቹ እንዳሉ አራቱን ብሎኖች ጥቂት ያላሉ፤ አንገቱን በእጅ ገፋ አድርገው ሁለቱ የዳር ክሮች ከጠርዙ እኩል ሲርቁ ያጥብቁ። ብሎኑ አልገባ ካለ ጉልበት አይጨምሩ፣ ጭንቅላቱ ይቀነጠሳል። ቀዳዳውን ከብሎኑ በጠበበ መሰርሰሪያ ያጽዱና ጥርሱን ሳሙና ይቀቡት።

ክሩ ዝዝ ይላል

መልሱ ያለው ድምፁ የሚመጣበት ቦታ ላይ ነው። ክሩ ሳይጫኑት ብቻ ዝዝ ካለ፣ በአንገቱ ጫፍ ክሩ የሚያርፍበት ቦይ ከመጠን በላይ ጠልቋል፤ ቦዩ ያለበትን ቁራጭ መቀየር ይሻላል።

በመጀመሪያዎቹ አምስት ፍሬቶች አካባቢ ከሆነ አንገቱ ከልክ በላይ ቀንቷል ወይም ወደ ኋላ ጎብጧል። ወፍራሙን ክር በአንድ እጅ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ፣ በሌላው አንገቱ ከአካሉ በሚገናኝበት ፍሬት ላይ ይጫኑና ሰባተኛው ፍሬት ዘንድ ክፍተቱን ይመልከቱ። ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ሁለት ወይም ሦስት የፎቶ ኮፒ ወረቀት ቢያስገባ ጥሩ ነው። ምንም ክፍተት ከሌለ በአንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ ወደ ግራ ያላሉ፤ ክፍተቱ ከበዛ ወደ ቀኝ ያጥብቁ። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አይለፉ፤ እንደገና ቃኝተው ይለኩ። ዘንጉ እምቢ ካለ ያቁሙ፣ ከተበጠሰ አንገቱ ተበላሸ ማለት ነው። እንጨት እርጥበት ስለሚስብና ስለሚተፋ አዲስ አበባ ላይ በክረምት የተስተካከለ አንገት በበጋ ድጋሚ ቢጠይቅ አይደነቁ።

ከ12ኛው ፍሬት በላይ ከሆነ ክሩ ዝቅ ብሏል። 12ኛው ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ለቀጭኑ 1.6፣ ለወፍራሙ 2 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ደግሞ የባንክ ካርድ ጠርዝ በሦስት ተከታታይ ፍሬቶች ላይ ያቁሙ፤ ካርዱ ከተወዛወዘ መሐለኛው ከፍ ብሏል። በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ ብለው ይምቱት። ሞረድ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካልሠራ በኋላ ነው።

ባዶው ክር ተቃኝቷል፣ ወደ ላይ ሲወጡ ይዛባል

በአንገቱ ጫፍ ክሩ ከሚያርፍበት ቦይ እስከ 12ኛው ፍሬት ይለኩና በሁለት ያባዙ፤ በዚህ ዓይነት ጊታር 324 ሚሊ ሜትር 648 ይሆናል። በብሪጁ (አካሉ ላይ ክሮቹን በሚይዘው ክፍል) ያለው የቀጭኑ ክር ማረፊያ እዚያ አካባቢ፣ የሌሎቹ ጥቂት ወደ ኋላ መሆን አለበት። ከዚያ በመቃኛ መሣሪያ ያጣሩ። 12ኛው ላይ ሲጫኑት ድምፁ ከፍ ካለ ማረፊያውን ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ያምጡ። ትዝታ የሚጫወት ሰው ይህንን መዝለል የለበትም፤ አምስት ድምፅ ብቻ ባለው ቅኝት የተዛባው መደበቂያ የለውም።

ቅኝቱ የማይረጋው አዲስ ክር ስለሆነ ከሆነ ሳብ ሳብ አድርገው ደጋግመው ይቃኙ። ሲቃኙ ቂው የሚል ከሆነ ክሩ ቦዩ ውስጥ ተጣብቋል፤ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት ያድርጉበት።

ያጉረመርማል፣ ወይም ድምፅ የለውም

ክሮቹን ይንኩ። ጉርምርምታው ከቀነሰ የመሬት ሽቦው ደህና ነው፤ ነጠላ ጥቅል ያለው ፒክአፕ በባሕርይው ትንሽ ያጉረመርማል። ካልተለወጠ ከብሪጁ የሚመጣው ሽቦ አልተያያዘም። ሲነኩ ከጨመረ ጃኩ (የኬብሉ መሰኪያ) ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተቀያይረዋል። እጅዎን ነዘር ካደረገዎት ግን ወዲያው ይንቀሉ፤ የአምፕሊፋየሩ ወይም የሶኬቱ ችግር ስለሆነ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይየው።

ድምፅ ከሌለ ኬብሉን ጊታሩ ላይ ሰክተው፣ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍተው፣ በሌላው ጫፍ በመልቲሜትር ይለኩ። ከ5 እስከ 8 ኪሎ ኦም ካነበበ መስመሩ ደህና ነው። ዜሮ ከሆነ የድምፁ ሽቦ ከመሬቱ ጋር ተነካክቷል። 200 ኪሎ ኦምና ከዚያ በላይ ከሆነ ፒክአፑ ተቋርጧል። ምንም ካላነበበ ጃኩን ወይም ኬብሉን ይጠርጥሩ። ብየዳው ደብዛዛና እንደ ጠብታ የተድቦለቦለ ከሆነ አልያዘም። የድምፅ መቆጣጠሪያው ጀርባ ሙቀት ይውጣል፤ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ አድርገው ቢያንስ 40 ዋት መበየጃ ይጠቀሙ።

ሁለት ፒክአፕ አብረው ሲከፈቱ ድምፁ ከሳ፣ ባዶ ከሆነ አንዱ ተገልብጦ ተያይዟል። ፕላስቲክ ሽፋን ባለው ባለ ሁለት ሽቦ ፒክአፕ የአንዱን ሁለት ሽቦዎች ብቻ ያለዋውጡ።

ቀለሙ ቦታ ቦታ አልያዘም

ኮላ ነው። እስከ ጥሬው እንጨት ይፋቁትና እንደገና ይቀቡ።